አሥራ ሁለት ቦታ የተቆረጠው ዓሣ

«በልጅነትሽ ጎበዝ ነበርሽ አሉ» ሲሉኝ ደስ አይለኝም። ሰው ትሕትና ይመስለዋል። ትሕትና አይደለም፣ ንዴት ነው። አሰብ ላይ ጎበዝ የተባልኩት በምን እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ። በማንበብ ነው፤ ያነበብኩት ደግሞ ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁትን ቋንቋ ነው።

አባቴ የጉምሩክ ጸሐፊ ነበር። ከአዲስ አበባ ተዛውሮ ሲመጣ እኔ ገና በእናቴ ጀርባ ላይ ነበርኩ። ከደጋ የመጣው ሠራተኛ በብዛት በሚኖርበት በካምፖ ሱዳን ቤት ሰጡን። ጋዜጣ የሚደርሰው በከባድ መኪና ሾፌሮች እጅ ነበር፤ ሳምንት ያለፈው፣ ግሪስ የነካው፣ አንዳንዱ ገጽ ዳቦ ተጠቅልሎበት የመጣ። አባቴ ከምሳ በኋላ፣ ሙቀቱ ሰው ከቤት በማያስወጣበት ሰዓት፣ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ዓይኑን ይጨፍንና «በይ አንብቢልኝ» ይለኛል። ሹመቱን፣ ጉብኝቱን፣ የሐዘን መግለጫውን ሁሉ አነብለታለሁ። ስሳሳት አንድ ዓይኑን ይገልጣል። አራተኛ ክፍል ስደርስ ዓይኑን መግለጥ ትቶ ነበር።

በዚያ ዓመት መጨረሻ ከአስመራ አንድ ኢንስፔክተር መጡ። ከረቫታቸውን እያላሉ በየክፍሉ ሲዞሩ እኛም ጋ ደረሱና ከቦርሳቸው ጋዜጣ አውጥተው «ይህን የሚያነብልኝ አለ?» አሉ። መምህራችን እኔን አስነሡኝ። አንድም ቦታ አልተደናቀፍኩም፤ እንዲያውም አባቴ የሚወደውን፣ አራት ነጥብ ላይ ትንፋሽ መሰብሰቡን ጨመርኩበት። ኢንስፔክተሩ ወደ ዳይሬክተሩ ዞረው «ይቺ ልጅ አራተኛ ክፍል ምን ትሠራለች?» አሉ። ነገሩ በዚሁ አለቀ። መስከረም ላይ አምስተኛን ዘልዬ ስድስተኛ ክፍል ገባሁ።

«ደብል መታች» ተባለ። ትምህርት ቤት ጎበዝን የሚለይበትም፣ ጎበዝን የሚረዳበትም ዘዴ ይኸው ነበር፤ አንስቶ ከፍ ያለው ክፍል ውስጥ መወርወር። በተዘለለው ክፍል ውስጥ ምን ምን ነበር ብሎ የጠየቀ የለም። አባቴ ወሬውን ለሾፌሮቹ ነገራቸውና እነሱም በየመንገዱ ሲያዩኝ «ደብሏ! ደብሏ!» እያሉ ጥሩምባ ይነፉልኝ ጀመር።

በተዘለለው ክፍል ውስጥ ክፍልፋይ ነበር።

ለኢንስፔክተሩ እንዳነብ ያስነሡኝ እኚያው መምህር በዚያ ዓመት የስድስተኛ ክፍልን ሒሳብ ያዙ። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ጥቁር ሰሌዳው ላይ ቁጥር በቁጥር ላይ ጭነው፣ መካከሉን አስምረው፣ «ደምሩ» አሉ። ሲሶና ሩብን በአፌ አውቃቸዋለሁ፤ እንደዚያ ተደራርበው ግን አይቻቸው አላውቅም። የላዩን ከላዩ፣ የታቹን ከታቹ ደመርኩና ሁለት ሰባተኛ ብዬ ጻፍኩ። መምህሩ ደብተሬን አይተው ሳቁ። «ቸኩለሻል፤ ረጋ በይ። ደብል እንድትመቺ በመምህራን ስብሰባ ላይ የተሟገትኩልሽ እኔ ነኝ፣ እንዳታሳፍሪኝ» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ሽንት ቤት ገብቼ የላሜራውን በር ዘግቼ አለቅሳለሁ። ለአባቴ እንዳልነግረው ሾፌሮቹ ትዝ ይሉኛል፤ ለመምህሩ እንዳልነግራቸው ወደ አምስተኛ ክፍል ሲመልሱኝ ይታየኛል።

ትርፍ ቦታ የነበረው መጨረሻው ዴስክ ላይ ብቻ ስለሆነ ከአንዲት ትልቅ ልጅ አጠገብ አስቀምጠውኝ ነበር። አፋር ናት፤ የባሕር ዳሯ መንደር የራሔይታ ልጅ። አባቷ በሳምቡክ፣ ያ የእንጨት ጀልባ ማለቴ ነው፣ ዓሣ ያጠምዳል፤ እሷ አሰብ ሰጊር የሚባለው ሰፈር አክስቷ ዘንድ ሆና ትማራለች። ከኔ በአራት ወይም በአምስት ዓመት ትበልጣለች። አምስተኛን ደግማ፣ አሁን ደግሞ ስድስተኛን እየደገመች ነው። አንድ ዴስክ ላይ ደብሏና ደጋሚዋ መቀመጣችን ለክፍሉ ልጆች የዓመት ሳቅ ሆነላቸው።

ሰነፍ ናት እየተባለ ሲወራ ሰምቼ እኔም አምኜ ነበር። በአፋርኛ ታስባለች፣ ቁርዓኗን በዓረብኛ ትቀራለች፣ አማርኛን ግን ያገኘችው ትምህርት ቤት ገብታ ነው። ድርሰቷ ላይ ከሰማያዊው ቀለም የመምህሩ ቀይ ይበዛ ነበር። ታሪኩም፣ ጂኦግራፊውም፣ የሥነ ምግባሩም ፈተና በአማርኛ ስለሆነ ሁሉም ቦታ አማርኛዋ እየጠለፈ ይጥላታል። ይህን ያኔ አላሰብኩትም። ያሰበውም አልነበረም።

አንድ ቀን ደብተሬን በክንዴ ሸፍኜ ስቸገር አየችኝ። አልሳቀችም። ለዕረፍት ስንወጣ እጄን ይዛ ከውኃው ታንከር ጥላ ሥር ወሰደችኝና አሸዋው ላይ በዛጎል ስባሪ አንድ ረጅም ዓሣ ሣለች።

«አባቴ ጋ ሲሶ ለጀልባው ነው። ሩብ ለመረቡ ነው» አለችኝ። «ለሰዎቹ ስንት ይቀራል?»

«አላውቅም።»

«ዓሣውን አሥራ ሁለት ቦታ ቁረጪው።»

«ለምን አሥራ ሁለት?»

«ቁረጪው፣ ከዚያ ታዪዋለሽ።»

ዛጎሉን ተቀብዬ ከጭንቅላቱ እስከ ጭራው እያሰመርኩ ቆረጥኩት። አራቱ ቁራጭ ለጀልባው ሄደ። ሦስቱ ለመረቡ ሄደ። ሰባት ወጣ ማለት ነው፤ አምስት ቀረ። «ሰዎቹ አምስት ደረሳቸው። ወላሂ፣ ሌላ ነገር የለውም» አለችኝ። ያን ያህል ያስለቀሰኝ ነገር ይኸው ብቻ ነበር። በደስታ ዘለልኩ፤ እሷም ሳቀች፣ ከዚያ እግሯን አሸዋው ላይ ጎትታ ዓሣውን አጠፋችው።

ዓመቱን ሙሉ በየዕረፍቱ ታንከሩ ሥር ዓሣ ስንቆርጥ ከረምን። እኔ በፈንታዬ ድርሰት ላስተምራት ቃል ገባሁ። ቃሌን የጠበቅሁት ሦስት ቀን ነው። ከዚያ አንድ ቀን ሙቀቱ በረታ፣ አንድ ቀን ከሰፈሬ ልጆች ጋር መጫወት አማረኝ። «ዛሬስ?» ስትለኝ «ነገ» እላታለሁ። «እሺ» ትላለች። በማግስቱም ለኔ ዓሣዬን ትሥልልኛለች፤ እኔም «ነገ» እላታለሁ። ይህን ስጽፍ እጄን መምታት ያሰኘኛል።

ግንቦት ሲገባ ነገሩን በግልጽ ነገረችኝ። አንድ ክፍል ላይ ሁለት ጊዜ የወደቀ ይሰናበታል፤ ይህ የትምህርት ቤቱ ደንብ ነው። አክስቷም ከተሰናበተች ወደ ራሔይታ እንደምትልካት ተናግራለች። «ግን አልፋለሁ» አለችኝ። «አማርኛው ይወድቃል፣ እንግሊዝኛው ይወድቃል። ሒሳቡ ዘጠና ከመጣ ግን አማካዩ ሃምሳ ይሞላል። ደምሬዋለሁ።» ቁጥሮቹን በጣቷ አየር ላይ ጻፈችልኝ። እኔም ተከትዬ ደመርኩት። ልክ ነበር።

ሒሳቡን ተፈተንን። እሷ ከሁላችንም ቀድማ ጨርሳ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። በሦስተኛው ቀን ዳይሬክተሩ ቢሮ አስጠሩኝ። መምህሩም አሉ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ተዘርግቷል። በሁለቱም ጠርዝ ላይ አሥራ ሁለት ቦታ የተቆረጠ ዓሣ ተሥሏል።

«ይህን ዘዴ ከየት አመጣሽው?» አሉኝ መምህሩ እየሳቁ።

አፌን ሳልከፍት ዳይሬክተሩ ቀደሙኝ። «ጎበዝ ማለት እንዲህ ነው! የባሕር አገር መሆኑን አስተውላ ትምህርቱን ከአካባቢዋ ጋር አዛመደችው። ለኢንስፔክተሩ መጻፍ አለብን።»

መምህሩ ሁለተኛውን ወረቀት ወደኔ ገፋ አደረጉት። «ያቺ ደጋሚ ግን ዓሣሽን እንዳለ ገልብጣዋለች። ጭራው እንኳ አልቀራት። ስትገለብጥ አይተሻታል?»

አላየኋት። እንዴት አያታለሁ? ያልሆነ ነገር አይታይም። «አላየሁም» አልኩ። ዳይሬክተሩ ራሴን ዳበስ አደረጉኝና «ለጓደኛዋ አዝና ነው፤ ልበ ደግ ናት» አሉ። መምህሩም ቀዩን እስክሪብቶ አንስተው ዓይኔ እያየ ዘጠና አምስቱን ሰርዘው ዜሮ ጻፉበት።

እኛ ቤት ዓሣ አይበላም ነበር። እናቴ ሽታውን አትችለውም፤ በጾም እንኳ አታስገባም። ከዚያ ዓመት በፊት ሙሉ ዓሣ ቀርቤ አይቼ አላውቅም። ሁለት የተማሩ ሰዎች የጉምሩክ ጸሐፊ ልጅና የዓሣ አጥማጅ ልጅ የሣሉትን ዓሣ አስቀምጠው፣ ማን ከማን እንደገለበጠ አንድ ደቂቃ ሳያስቡ ወሰኑ። በእነሱ ስናደድ የራሴን እረሳለሁ። ደስ ይለኛል መናደዱ።

ካርድ እስኪሰጥ ሦስት ቀን ነበረ። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ወደ መምህሩ ቤት ሄድኩ። መንገድ ላይ የምናገረውን ስለማመድ ነበር፤ «ጋሼ፣ ዓሣው የሷ ነው»። ይኸው ነው፣ አራት ቃል። በሩን ሽርጥ አገልድመው ከፈቱልኝ። «ምነው ልጄ፣ በደህና?» አሉኝ። ከኋላቸው ግድግዳው ላይ የክፍላችን ፎቶግራፍ ተሰቅሎ ነበር፤ እኔ መካከል ላይ ነኝ። «አባቴ ሰላም በይልኝ ብሎኝ ነው» አልኳቸው። መርቀው ሸኙኝ። በሁለተኛው ቀን እስከ ማዕዘኑ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። በሦስተኛው ቀን አሞኛል ብዬ ከአልጋዬ አልወረድኩም። በእርግጥም አሞኝ ነበር። እናቴ ሙቀቱ ነው ብላ ግንባሬ ላይ እርጥብ ጨርቅ ታደርግልኛለች፤ እኔ ጨርቁን ዓይኔ ላይ እስበዋለሁ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ እያልኩ ራሴን ላጽናና ሞክሬ አውቃለሁ። አሥራ አንድ ዓመት አራት ቃል ለመናገር አያንስም።

በመዝጊያው ቀን ወላጆች ተሰበሰቡ። አባቴ ኮቱን በዚያ ሙቀት ለብሶ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ስሜ ተጠራና ብዕርና መዝገበ ቃላት ተሸለምኩ። ዳይሬክተሩ የዓሣውን ነገር ለሕዝቡ አወሩለት፤ ሕዝቡ አጨበጨበ። እሷ ከኋላ ከአክስቷ ጋር ቆማ ትሰማ ነበር። ያን ጊዜ መሬት ብትውጠኝ ግልግል ነበር።

ሰው ሲበተን ካርዷን ይዛ መጣች። ዓይኗ ደረቅ ነው።

«ዜሮ ሰጡኝ። ገልብጠሻል አሉኝ» አለችኝ። «አንቺን አልጠየቁሽም?»

«አልጠየቁኝም።»

«አውቄያለሁ። ቢጠይቁሽ ኖሮ ትነግሪያቸው ነበር።» ክንዴን ያዘችኝ። «መምህሩ እዚያ ናቸው። ነይ፣ አብረን እንንገራቸው። ካንቺ ከሰሙ ያምናሉ።»

መምህሩ በእርግጥም እዚያ ነበሩ፤ ከአባቴ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሳሳቃሉ። አባቴን እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር።

«ነገ» አልኳት።

«ነገ ትመጫለሽ?»

«እመጣለሁ። ጠዋት በሩ ጋ።»

«እሺ» አለች።

በማግስቱ አልሄድኩም። ክረምቱን ሙሉ በትምህርት ቤቱ መንገድ አላለፍኩም። መስከረም ላይ ስመለስ ዘበኛው በር ላይ አስቆመኝ። «ያቺ ትልቋ ጓደኛሽ፣ ትምህርት ቤቱ በተዘጋ ማግስት መጥታ እስከ ቀትር እዚህ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብላ ዋለች። ግቢ ጥላ ሥር ብላት እንቢ አለች፤ ኋላ አክስቷ መጥታ ወደ ጀልባው ወሰደቻት። ማንን ነበር የምትጠብቀው?» አለኝ።

«አላውቅም» አልኩትና ወደ ሰባተኛ ክፍል ገባሁ።