ስሟ እንዲወጣ ከጽዳት የቀረችው የኔነሽ

የኔነሽ ከሳንሱሲ ወደ ኮልፌ ከመጣች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው፤ ስሟ ግን አንድም ቀን ጋዜጣ ላይ አልወጣም። ጋዜጣ ስል ታትሞ የሚሸጠውን አይደለም። ጡረተኛው መምህር ጋሽ ዘርዓብሩክ በየሰኞው በእጃቸው ጽፈው የዕድሩ ቤት በር ላይ የሚለጥፉትን ነው። ማን ወለደ፣ ማን ታመመ፣ የማን በግ ጠፋ፣ ሁሉም እዚያ አለ። እዚያ ላይ ያልተጻፈ ሰው ሰፈሩ ውስጥ አለ ለማለት ይከብዳል፤ የኔነሽንም የሚያንገበግባት ይኸው ነው።

እንዳትወልድ ዕድሜዋ ሄዷል። በግ እንዳይጠፋባት በግ የላትም። የቀራት «ከጽዳት የቀሩ» የሚለው ዓምድ ብቻ ነው፤ እሷ ደግሞ ሰፈሩ በየወሩ አንድ ቅዳሜ ከሚወጣበት ጽዳት አንድም ጊዜ ቀርታ አታውቅም። ከሁሉ ቀድማ ቱቦ ስትጠርግ ነው የምትገኘው። ለመጣ ሰው ማን ይጽፋል! ስለዚህ ቆርጣ፣ የጽዳቱ ቅዳሜ በሯን ከርችማ ቤቷ ተቀመጠች።

ሰኞ ማለዳ እየሮጠች ሄደች። ከቀሩት ዓምድ ላይ አራት ስም አለ፤ የሷ የለም። ደሟ ፈላ። «ብቀርም አልቆጠር?» ብላ ልትመለስ ስትል ዓይኗ ወደ ታች ወረደ።

«ወይዘሮ የኔነሽ በጠና ታመው ነው እንጂ እንዲሁ አይቀሩም። ይጠየቁ።»

ወይ ጉድ! በርራ ቤቷ ገባች፤ ግንባሯን በሻሽ አስራ አልጋ ላይ ወጣች። ብርድ ልብሱን ሳትስብ በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቷ ጽጌማርያም አጥሚት፣ የፊት ለፊቷ ሃፊዛ ብርቱካን፣ ጋሽ ዘርዓብሩክም ደብተራቸውን ይዘው ገቡ።

«ምንሽን ነው ያመመሽ?» አሉ ጋሽ ዘርዓብሩክ።

«ራሴን።»

«ኧረ ሆዷን ነው!» አለች ሃፊዛ። «ቅዳሜ በመስኮት ሳያት ሆዷን ይዛ ነበር።»

«የቱን ልጻፍ ታዲያ?»

የኔነሽ አላስቻላትም፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ምንም አላመመኝም! ስሜ ከቀሩት ጋር እንዲወጣ ብዬ ነው። የዚህ ሰፈር ሰው መባል አምሮኝ ነው!»

ጽጌማርያም አጥሚቱን አፏ ድረስ አስጠጋችላት።

«አንቺ የማትረቢ! ቅዳሜ አንቺ ስትጠፊ፣ ማን ይጀምር እየተባባልን እስከ አራት ሰዓት ቱቦው አፍ ላይ ተገትረን ዋልን እኮ። በይ ጠጪ፣ ሳይቀዘቅዝ።»