የሌለው ምሰሶ

ባሌ ብረት በያጅ ነው። ቀን በርና መስኮት ይበይዳል፣ ከሥራ ሲወጣ ካራቴ ያስተምራል። ያውም በጃፓኗ ኦኪናዋ ደሴት የተወለደውን፣ ዋናውን! «ካራቴ ሁሉ አንድ አይደለም እንዴ?» ያላችሁት እንደሆነ ግማሽ ቀናችሁ አለቀ። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰምቼዋለሁ፤ ይበቃኛል።

ተማሪዎቹ ከመጀመራቸው በፊት ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላሉ፤ እሱም አብሯቸው ይንበረከካል። ጃፓኖች እንዲህ ነው የሚያደርጉት ይላል። ቤት መጥቶ አንድ ሳህን አያጥብም፤ ጃፓን ውስጥ ሳህን የለም መሰለኝ! ጫማን ፊቱን ወደ በር አዙሮ መደርደርን ግን እናቴን ሳይቀር አስተምሯታል።

አምና ከኦኪናዋ አንድ ሽማግሌ መምህር አስተርጓሚ ይዘው መጡ። የተማሪዎቹን ካታ አይተው የደረጃ ቀበቷቸውን ሊያጸድቁ ነው። ካታ ያለ ተጋጣሚ የሚሠራ ድብድብ ነው፤ እርምጃው ከጥንት የተወሰነ ስለሆነ አንዷም አትቀየርም። የባሌ የሃያ ዓመት ልፋት እውነት ይሁን ከንቱ የሚለየው በዚያ ቀን ነበር። የአሥራ ስድስቱንም ተማሪዎች ልብስ የሰፋሁት እኔ ነኝና ጥግ ላይ ወንበር ተሰጠኝ።

ልጆቹ እንደ አንድ ሰው ተንቀሳቀሱ። እንዴት እንደኮራሁ! መሃል ላይ ሲደርሱ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ሁሉም ወደ ግራ ገለል ብለው ቀጠሉ። ሽማግሌው እጃቸውን አነሱ።

«እዚህ ጋ ከምንድን ነው የሚሸሹት?» አለች አስተርጓሚዋ።

እኔ ወዲያው ገባኝ። ባሌ ካራቴ የተማረው አንድ አሮጌ መጋዘን ውስጥ ነበር፤ መሃሉ ላይ ምሰሶ ቆሞበት። ግንባሩ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያ ምሰሶ ሥራ ነው፤ በእጮኝነታችን ጊዜ በፋሻ ያሰርኩለት እኔው ነኝ! አስተማሪው ሞቱ፣ መጋዘኑም ፈረሰ፤ ምሰሶውን መዞሩ ግን ባሌ እግር ላይ ቀረ። እሱም ሳያውቀው ለእነዚህ አስተማረ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸው ነው።

«የእኛ ስልት ነው» ቢላቸው ማን ያውቅበታል? በልቤ፣ በል እንጂ፣ በል እንጂ እለዋለሁ። እሱ እቴ!

«ምሰሶ ነበር» አለ። «እነሱ ያስተማርኳቸውን በትክክል ሠርተዋል። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሽማግሌው በዓመቱ ተመልሰው እንደሚያዩ፣ እስከዚያ አንድም ቀበቶ እንደማይጸድቅ ነገሩን። አንዷ ተማሪ አለቀሰች። እኔማ ደሜ ፈላ። መንገድ ላይ «እውነተኛ ነኝ ብለህ የእነዚህን ልጆች ልፋት ገደል ከተትክ!» ብዬ ጮኽኩበት።

«ነገ ጠዋት አብረሽኝ ትመጫለሽ?» አለኝ።

«ምን ልሠራ?»

«እግሬ ወደ ግራ የሚሸሽበት ቦታ ላይ ቁሚልኝ። አንቺ ካለሽ አልሄድበትም።»

«ብትረግጠኝስ?»

«አልረግጥሽም።»

ረገጠኝ እንጂ! አንድ ቀን ቢሆን ምን አለበት። የሃያ ዓመት ልማድ በአንድ ጠዋት ይለቃል? የአውራ ጣቴ ጥፍር ጠቁሮ ወደቀ። ባሌ ጥቁር ቀበቶውን የስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ ከቶ የጀማሪ ነጭ ቀበቶ አሰረ። የእሱ እርምጃ ሲቃና ተማሪዎቹን አንድ በአንድ ማቃናት ጀመረ። ሁለቱ ተቀይመው ቀሩ፣ አሥራ አራቱ ጸኑ።

ዘንድሮ ሽማግሌው መጡ። አሥራ አራቱም ቀጥ ብለው አለፉ። በመጨረሻ ባሌን «ብቻህን ሥራ» አሉት። ነጭ ቀበቶውን አጥብቆ ወጣ። ጥቁሩ ቀበቶ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ በሁለት እጄ ጨብጬዋለሁ። መሃል ላይ ደረሰ።

ቀጥ ብሎ አለፈ። እኔ ግን እዚያ ጥግ፣ ወንበሬ ላይ ሆኜ፣ እንዳይረግጠኝ እግሬን ሰብስቤ ነበር።