ኧረ አያሟርቱ፣ ጋሼ

ታላቅ ወንድሜን ጋሼ ነበር የምላቸው። በዓል ሲሆን ኖርዌይ፣ ሃውገሩድ በሚባል ሰፈር ያለው ቤታቸው ይጠሩንና ልክ ምሳ እንደበላን «እኔ ስሞት...» ብለው ይጀምራሉ። «ኧረ አያሟርቱ!» ብለን እንጮሃለን።

«ሟርት ቢገድል ኖሮ ስንቴ በቀበራችሁኝ!» ይሉና ይስቃሉ። ከዚያ እንደ ባለትዳር አብሯቸው ወዳረጀው ኖርዌያዊ ሰው እያመለከቱ፣ «ጋብቻ አልተፈራረምንም። ካልተናዘዝኩ ቤቱ የእናንተ ይሆንና እሱ ደጅ ይወድቃል። ተናዝዣለሁ፣ እንዳትነኩት» ይላሉ።

ጋሼ ዘንድሮ አረፉ። በኑዛዜያቸው መሠረት ሰውየው እዚያው ቤቱ አለ። ለፋሲካም እንደ ድሮው ጠራን። ከምሳ በኋላ ግን ሁላችንም ዝም አልን፤ የሳቸው ተራ ነበረና። ዝምታው ቢከብደኝ፣

«እኔ ስሞት...» አልኩ።

ሰውየው ቀና ብሎ አየኝና፣ ባለችው ትንሽ አማርኛ፣ «ኧረ አያሟርቱ!» አለኝ።