የአክስቴ ፓስፖርትና ሁለቱ ስሞቿ

ያን ጊዜ ከጎንደር ተነሥቶ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ሁለት ዓይነት ነበር፤ የመንግሥት ሰውና ተሳላሚ። አክስቴ ተሳላሚ ነበረች። በጣልያን ጊዜ አንድ ልጇ ጫካ ገብቶ ስለነበር፣ “በደኅና ከመለስህልኝ ኢየሩሳሌም ድረስ መጥቼ መቃብርህን እስማለሁ” ብላ ተሳለች። ልጁ በደኅና ተመለሰ። እሷ ግን አንድ ዓመት በሬ ሞቶባት፣ አንድ ዓመት ሰርግ ደርሶባት፣ ዛሬ ነገ ስትል ጣልያን ከወጣ ዐሥር ዓመት አለፈ። የደነገጠችው ጉልበቷ መክዳት ሲጀምር ነው። “ዘንድሮ ካልሄድሁ ስለቴን ሳላደርስ መሞቴ ነው” አለችና ከመንደሯ ከኮሶዬ በእህል ጫኝ ማኪና ተሳፍራ ጎንደር እኔ ቤት መጥታ ዱብ አለች።

እናቴ ቀድማ ስለሞተች ያሳደገችኝ ይህች አክስቴ ናት። ለዚህ ነው እንደ ሌላው ታላቅ ሰው አንቱ ሳልላት ያደግሁት። ወደ እኔ የመጣችውም ማንበብና መጻፍ ስለምችል ነው። ተማሪ ቤት የሚባል ደጁንም አልረገጥሁ፤ ወንድሞቼ ዳዊት ሲደግሙ ጓዳ ሆኜ እየሰማሁ ነው ፊደል የለየሁት። ጽሕፈቴ ግን ሸጋ ነበር፤ ጎረቤት ሁሉ ደብዳቤ ያጽፈኝ ነበር። እኔም በዚህ ትንሽ እኮራ ነበር፤ አልዋሽም።

ጠቅላይ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት ሄደን የሚያስፈልገውን ጠየቅን። ጸሐፊው ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ወጣት ነበር፤ በጣቱ እያጠፈ ነገረን። ማመልከቻ፣ አውቃታለሁ የሚል ዋስ፣ ጆሮ የሚያሳይ ፎቶግራፍ፣ የፈንጣጣ ክትባት ወረቀት። ማመልከቻውና ፎቶው አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ፓስፖርቱ እዚያው ተሠርቶ፣ የሚሄዱበት አገር ቪዛ ተመትቶበት ይመለሳል።

“ጆሮዬ ደግሞ ምን አደረገ?” አለች አክስቴ።

“ሰው በጆሮው ይለያል፣ እማማ።”

“እኛ አገር በጆሮው የሚለየው በግ ነው።”

ጸሐፊው ሳቁን ለመደበቅ ወረቀት ውስጥ አቀረቀረ። ቢሆንም ፒያሳ ፎቶ ቤት ገብተን፣ ሻሿን ወደ ኋላ ሸሸት አድርጋ ተነሣች። ፎቶው ሲታጠብ ሰው ሊጣላት የመጣ ይመስል አፍጥጣ ነው የወጣችው። እኔ ሳቅሁ፤ እሷ ግን ክንዷን ዘርግታ አርቃ ያዘችውና፣ “እኔስ እኔ ነኝ” አለች።

ማመልከቻውን እዚያው ጸሐፊው ፊት ተቀምጬ ጻፍሁት። ስም የሚለው ጋ ስደርስ የማውቀውን ስሟን ልጽፍ ብዕሬን ቀለም ነከርሁ። አክስቴ ክንዴን ያዘችኝ። ጸሐፊውን በጎን አየት አደረገችና አፏን ወደ ጆሮዬ አስጠግታ የክርስትና ስሟን ነገረችኝ፤ ወለተ ብሎ የሚጀምረውን።

የክርስትና ስም መቼም በየመንገዱ የሚወራ ነገር አይደለም። የነፍስ አባት ያውቀዋል፤ ቁርባን ላይ ይነገራል፤ ሰው ሲሞት ለፍትሐት ይወጣል። በእኛ ወገን ደግሞ ክፉ ሰው ከሰማው መተት ይሠራበታል ተብሎ ይፈራል። ያሳደገችኝ ሴት ናት፤ እኔ እንኳ እስከዚያ ቀን አላውቀውም ነበር። እዚህም አልጽፈውም።

“እትዬ፣ የመጠሪያ ስምሽን’ኮ ነው የሚፈልጉ” አልኋት ቀስ ብዬ።

“ምነው! የምሄደው ገበያ ነው? እዚያ ደጅ ላይ በዓለም ስሜ ማን ያውቀኛል?”

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ነገሩ ልክ መሰለኝ። ጻፍሁት። ጸሐፊው በዓይኑ አነበበና፣ “ሸጋ ጽሕፈት ነው” አለኝ። ስሙን ከፍ አድርጎ ባለማንበቡ አክስቴ መረቀችው።

ከዚያ ክትባቱ መጣ። ሆስፒታል ሄደን ተራ ጠበቅን። ከታቢው ነጭ ካፖርት የለበሰ፣ ጠጉሩ ሸበት ያለ ድሬሰር ነበር። “ስም?” ሲል እኔ ነጠላዋን ይዤላት እጅጌዋን እየሰበሰብሁ ነበር። አክስቴ ሰው ሁሉ የሚጠራበትን ስሟን ጮክ ብላ ነገረችው። ግራ ክንዷን ቧጨር ቧጨር አደረገላት፤ ቢጫ ወረቀት ላይ ጽፎ ማኅተም መታበት። እኔ ምንም አልታወቀኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ስሰማው የኖርሁትን ስም ሰምቼ ምን ብዬ ልጠርጥር?

ሁለት ወር ቆይቶ ሁዳዴ ሲጋመስ ፓስፖርቱ መጣ ተባልን። ማክሰኞ ቀን ነው። ተሳላሚዎቹ የሚነሡት ዓርብ፣ ከአዘዞ በአውሮፕላን እስከ አስመራ፣ ከዚያ ወደ ኢየሩሳሌም ነው። ጸሐፊው ፓስፖርቱን አውጥቶ ቢጫዋን ወረቀት ተቀበለኝና አንዱን ከአንዱ አስተያየ። ደግሞ አስተያየ።

“እማማ፣ ይህች ማን ናት?”

“እኔ ነኛ።”

“ይህችስ?”

“እሷም እኔው ነኝ።”

ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ፓስፖርቱ የአንዲት ሴት ነው፤ ክትባቱ የሌላ ሴት ነው። የምትሄደዋ አልተከተበችም፤ የተከተበችዋ አትሄድም።”

“አንተ ልጅ፣ ዓይንህ እያየኝ?”

“እኔማ አየሁ። የዚያ አገር ዘበኛ ግን ኮሶዬ ድረስ መጥቶ ጎረቤትዎን አይጠይቅም። ከአውሮፕላን ሳይወርዱ ይመልስዎታል። ፓስፖርቱን ላርም ብል አዲስ አበባ ደርሶ እስኪመለስ ትንሣኤ ያልፋል።”

ያን ስም የጻፍሁት እኔ ነኝ። ደጅ ስንወጣ ቁጣዬን እሷ ላይ አወጣሁት።

“ምነው እትዬ፣ ለሐኪሙ ሌላ ስም የሰጠሽው?”

“መርፌ ለሥጋ ነዋ! ለሥጋዬ የሥጋ ስሜን ሰጠሁት። የነፍሴን ስም ለመርፌ ልስጥ?”

አሁን ሳስበው እሷ ልክ ነበረች፤ ወረቀቶቹ ናቸው ይህን የማያውቁት። ያን ቀን ግን እንዲህ ማሰቢያ ጊዜ አልነበረኝም። እየጎተትሁ ሆስፒታል ወሰድኋት።

ድሬሰሩ አዳመጠንና ራሱን ነቀነቀ። ማኅተም ያረፈበትን ስም ሰርዞ ሌላ ቢጽፍ፣ ሥርዝ ድልዝ ያለበትን ወረቀት የትም አገር አይቀበሉም አለን።

“አያ ሐኪም፣ እንግዲያው በአዲስ ወረቀት ይጻፉልን” አልሁት።

“ይህችን ስም እኔ አልከተብኋትም። ያልከተብሁትን ከተብሁ ብዬ አልፈርምም።”

አክስቴ ነጠላዋን ወደ ግራ ጣለችና ቀኝ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ገልጣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

“እንግዲያ ክተባታ!”

“ማንን?”

“ያልከተብሃትን።”

ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ሳቁ። እሱ አልሳቀም፤ ሌላ ነገር ያሳስበው ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የተከተበ ሰው ወረቀቱ የሚሠራለት ከስምንት ቀን በኋላ ነው አለን። ለዓርብ የቀረን ሦስት ቀን ነበር። ዳግም የተከተበ ሰው ግን ከዚያው ቀን ጀምሮ ይሠራለታል። ብዕሩን አስቀምጦ ተነሣና ግራ ክንዷን ራሱ ገልጦ የፊተኛውን ጠባሳ በጣቱ ዳሰሰው።

“ይህች ክንድ የማን ናት?” አላት።

“የእኔ ናት።”

“በፊት ተከትባለች?”

“አንተው አይደለህ!”

“እንግዲያስ ዳግም ብዬ ብጽፍ አልዋሸሁም” አለና ከተባት። ስሙን እሱም እኔን አስጠግቶ በጆሮው ነው የተቀበለኝ፤ ሴቶቹ እንዳይሰሙ። በአዲስ ቢጫ ወረቀት ጻፈው፤ ማኅተሙን እስትንፋሱን እፍ ብሎበት መታው። አሮጌውን ቀደደና ወረወረው።

ዓርብ ጧት አዘዞ ሄድን። ሜዳው በሸኚ ተሞልቷል፤ ከኮሶዬም ጎረቤቶቿ በማኪና ወርደው መጥተዋል። አንድ ሹም ስም የተጻፈበትን ወረቀት ይዞ አውሮፕላኑ ሥር ቆመና ይጠራ ጀመር። የተጠራው እየሄደ ፓስፖርቱንና ቢጫ ወረቀቱን ያሳያል፤ ሹሙ ያይና ስሙን ይጠይቀዋል፤ ልክ ሲሆን ምልክት አድርጎ ያሳልፈዋል። ሌሎቹ ሁሉ በመጠሪያ ስማቸው ነው የተጠሩት።

የአክስቴ ሲደርስ ሹሙ የአባቷን ስም ጨምሮ ጠራ። ቢሆንም ነፋሱ ወደዚያ ስለነበር እኛ ዘንድ የደረሰው “ወለተ…” የሚለው ብቻ ነው። አክስቴ ዞር ዞር ብላ ሰዉን አየች።

“ማናት እቴ፣ እንዲህ በሜዳ ስሟን የሚጠሩባት?”

“አንቺ ነሽ!” አልሁና ከኋላ ገፋኋት።

ደርቃ ቀረች። በዚያ ስም ተጠርታ አታውቅም፤ ቄስ በጆሮዋ እንጂ። ሹሙ ደግሞ ጠራና እርሳሱን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ። ሊሰርዛት ነው ብዬ ጮኽሁ። “አለች! መጣች!” እያልሁ ሜዳው ላይ እስከ ተወጠረው ገመድ ድረስ ሸኘኋት፤ ከዚያ ወዲያ እኔን አያሳልፉም።

ሹሙ ፓስፖርቱን አየ፣ ቢጫውን ወረቀት አየ፣ ፎቶውን ከፊቷ ጋር አስተያየ።

“ስምዎን ይንገሩኝ።”

አክስቴ በነጠላዋ አፏን ሸፍና አንድ ነገር አለች።

“አልሰማሁም።”

ዘወር ብላ አየችን። የኮሶዬ ሰው ሁሉ ገመዱን ተደግፎ ቆሟል። ከእነዚህ ውስጥ በመሬት ወሰን የተጣላቻትም ሴት ነበረች። አክስቴ ነጠላዋን ከአፏ አወረደችና፣ ከኮሶዬ ገደል አፋፍ ላይ ሆና ከብት እንደምትጣራ፣ ስሟን ጮክ ብላ ተናገረች። ሹሙ ምልክት አደረገ። እሷም ወደ ኋላ ዞር ሳትል መሰላሉን ወጣች።

አውሮፕላኑ ተነሥቶ አቧራው ሲረግብ ያች በወሰን የተጣላቻት ጎረቤቷ ወደ እኔ ጠጋ አለች።

“ማን ነኝ አለች? ከፊሉ አመለጠኝ።”

“እኔም አልሰማኋት” አልሁና ወደ ማኪናው ሄድሁ።