ኒቨስ ዝም ያለችባቸው ሦስት ዘፈኖች

ኒቨስ የገላ ስፖንጅ በመቀስ እየቆረጠች ነበር። አዲስ ስፖንጅ ነው፤ ጠዋት ከገበያ ያመጣሁት። መሃሉን ቦርቡራ አወጣችና የማይክሮፎኑን ጫፍ አስገባችበት፤ ከዚያ አንገቱን በጥቁር ክር ጠምጥማ አሰረችው። ጣቶቿ ሁልጊዜ ቀይ ናቸው። በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ አንሶላ በእንፋሎት መተኮሻ ስታሳልፍ ትውላለች፤ ወደ ቤት ስትመለስ ማንኪያ እንኳ ሲከብዳት አያለሁ። ያን ዕለት ግን ለአራስ ልጅ ኮፍያ እንደምታጠልቅ እናት እጇ ቀሎ ነበር።

«ምን እየሠራሽ ነው አንቺ?» አልኳት።

«ከበሮው ድምፁን እንዳያበላሸው ነው፣ ኖና። ስፖንጅ ካላለበስሽው ይንኮሻኮሻል።»

«እኔስ በምን ልታጠብ?»

«እስከ እሁድ ታገሺኝ። ሰው እስከ እሁድ ሳይታጠብ ቢቆይ አይሞትም።»

ኒቨስ የልጅ ልጄ ናት፤ «ኖና» ስትለኝ አያቴ ማለቷ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። እናትና አባቷ ጀርመን አገር ፋብሪካ ሊሠሩ ሲሄዱ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከእኔ ጋር ናት። ያኔ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። የቤት ሥራዋን ስትሠራ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አብሬያት ተማርኩ፤ ይህንንም የምጽፈው እሷ ባስያዘችኝ ፊደል ነው።

ሌላ ሰው ስለ እሷ ሊነግራችሁ ቢፈልግ ሁለት ዓረፍተ ነገር አይሞላለትም። ትሠራለች፣ ትተኛለች፣ ዓሣ አትወድም፣ ሰው ፊት ብዙ አትናገርም። ይኸው ነው። ነገር ግን ስኮርታ የሚባለው ባንድ በከተማችን በሪየካ በሚጫወትበት ቀን ኒቨስን ያላየ ኒቨስን አያውቃትም።

አራት ልጆች ናቸው። አዲሱ ማዕበል የሚሉትን ሙዚቃ ነው የሚጫወቱት። ፀጉራቸው አጭር ነው፤ የአባቶቻቸውን አሮጌ ኮት እጅጌውን አሳጥረው ይለብሳሉ፣ እንደ ጫማ ማሰሪያ የቀጠነ ክራቫት ያስራሉ። ጊታሩ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይንጣጣል። ዘፈናቸው አጭር ነው፤ ገና ወንበር ስባችሁ ሳትቀመጡ ያልቃል። ስለ ጨረቃና ስለ ከንፈር አይዘፍኑም። አንዱ ዘፈን ስለ አውቶቡስ ነው፣ አንዱ ስለ ቡና ወረፋ፣ አንዱ ደግሞ በሁለት ፎቅ መሃል ቆሞ ስለቀረ አሳንሰር።

ኒቨስ ዘጠኝ ጊዜ አይታቸዋለች። በትምህርት ቤት ጂምናዚየም፣ በወደብ ሠራተኞች ምግብ ቤት፣ አንድ ጊዜም በዝናብ ሜዳ ላይ፤ ያኔ መብራት ጠፍቶ ከበሮው ብቻ ቀርቶ ነበር። ከእያንዳንዱ በኋላ ኩሽናዬ ውስጥ ቆማ ከሀ እስከ ፐ ትተርክልኛለች። ጊታሪስቱ እንዴት ክሩ ተበጥሶበት በአምስቱ እንደጨረሰ፣ ዘፋኙ እንዴት አንድን ዘፈን ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ እንደማይዘፍን። ፊት ለፊቱ የቆመውን ሰው አይቶ ቃሉን እዚያው ይለውጣል። ባርኔጣ ያደረገ ካለ ባርኔጣው ዘፈን ውስጥ ይገባል።

ከሁሉ የምትወደው አሳንሰሩን ነው። ዘፋኙ መሃል ላይ ያቆምና «ስንተኛ ፎቅ?» ይላል። ከሕዝቡ አንድ ሰው ቁጥር ይጠራል፤ ከበሮ መቺው የተጠራውን ያህል ጊዜ ይመታል፤ አዳራሹም አብሮ ይቆጥራል። ዘጠኙንም ጊዜ ቁጥሩን የጠራችው ኒቨስ ናት። ያቺ በሰው ፊት የማትናገረዋ።

ዘጠኙንም በካሴት ቀድታቸዋለች። ችግሩም የመጣው ከዚሁ ነው።

ሐሙስ ዕለት ዳርዮ ካሴቶቹን ሊሰማ ቤታችን መጣ። ዘፋኙ ነው፤ ረጅም፣ ከሲታ፣ ገና ሃያ ያልሞላው ልጅ። የመጀመሪያው ካሴት ተከፈተ። ከበሮው ተሰማ፣ ጊታሩ ተሰማ፣ ከዚያ ከሁሉም በላይ ኒቨስ። ሁለተኛው ተከፈተ፤ ኒቨስ። አምስተኛው ላይ ሲደርስ ዳርዮ ራሱን ይዞ ሳቀ።

«እስቲ ንገሪኝ፣ የዚህ ባንድ ዘፋኝ ማን ነው?»

«አንተ ነሃ።»

«የታለሁ ታዲያ? እናቴ ብትሰማው እኮ ልጄን ምን በላው ነው የምትለው።»

«ማይክሮፎኑ እጄ ላይ ነው፤ አፌ ደግሞ ከእጄ ርቆ አያውቅም። ምን ላድርግ?»

«ዝም በያ።»

«አንተ አስጠልተህ ዝፈን፣ እኔም ዝም እላለሁ።»

ከዚያ ሳቁ ቆመ። ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። የውትድርና ጥሪ ነው። ለእሱና ለከበሮ መቺው ለኤጂዲዮ በአንድ ቀን ደርሷቸዋል። ማክሰኞ ባቡር ይሳፈራሉ፤ አሥራ አምስት ወር። ሸክላ ለማስቀረጽ ስቱዲዮ የተሰጣቸው ተራ ደግሞ ገና ለግንቦት ነበር።

እዚህ የምንኖር ሰዎች ይህን ወረቀት እናውቀዋለን። ልጆች ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ አንዱ መርከብ ላይ ይቀጠራል፣ አንዱ ሚስት ያገባል፣ አንዱ ጊታሩን ለታናሽ ወንድሙ ይሰጣል። ልጆቹ ይመለሳሉ፤ ባንድ ግን አይመለስም። ሸክላ ያለው ሸክላው ይቀርለታል። ስኮርታ ምንም አልነበራቸውም።

«የወጣቶች ሬዲዮ ላይ የሚሠራ ሰው ጥሩ ካሴት ከመጣለት ያሰማልናል» አለ ዳርዮ። «እሁድ የመጨረሻችን ነው። አንድ ንጹሕ ካሴት አድርጊልን፣ ኒቨስ። ያንቺ ድምፅ የሌለበት።»

ኒቨስ ወረቀቱን ትኩር ብላ አየችና «እሺ» አለች።

እሁድ ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ አዳራሽ ሞላ። እኔም የሄድኩት ያኔ ነው፤ ልጅ ወደ ውትድርና ሲሄድ ሰፈር ተሰብስቦ ይሸኛል፤ ሽኝቱና ኮንሰርቱ በአንድ ቀን ሆነ። ስለዚህ መድረኩ ሥር ክራቫት ያሰሩ ወጣቶች ቆመው፣ በግድግዳው ዙሪያ ደግሞ እኛ አሮጊቶች የተጠበሰ ሊጥ በሳህን ጭናችን ላይ ይዘን ተደርድረን ነበር። የአዳራሹ ጠባቂ ባርባ ቶኔ፣ አንድ እግሩን የሚጎትት ሽማግሌ፣ ጆሮው ውስጥ ጥጥ ወትፎ በር ላይ ቆሟል።

«አንቺም ሮከር ሆንሽ?» አለኝ።

«አንተ ጥጡን ካላወጣህ መልሴን በምን ትሰማዋለህ?» አልኩት።

ኒቨስ ከእኔ ወንበር አጠገብ ካለው ምሰሶ ተደግፋ ቆመች። የካሴት ሪከርደሯን በትከሻዋ አንግታ፣ ስፖንጅ የለበሰውን ማይክሮፎን በቀኝ እጇ ይዛ፣ መሐረቧን አጣጥፋ በጥርሷ ነከሰችው። እንደ በቅሎ ልጓም።

ጀመሩ። የመጀመሪያው ዘፈን አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። እኔ ስለ ጊታር ምን አውቃለሁ፤ ሰው ሲሠራና ሲለግም ግን አይቼ አውቃለሁ። ልጆቹ በትክክል እየተጫወቱ ነበር። ምንም አልተሳሳቱም። ዳርዮ ግን በየመሃሉ ዓይኑን ወደ መድረኩ ሥር ይልካል፤ ኒቨስ ትቆምበት የነበረውን ቦታ ይፈልጋል፤ ያጣዋል። ወጣቶቹም እርስ በርስ ይተያያሉ። እንደ ሐኪም ቤት ተራ ጠባቂ ቆመዋል።

ሦስተኛው አሳንሰሩ ነበር። መሃሉ ላይ ሙዚቃው ቆመ።

«ስንተኛ ፎቅ?» አለ ዳርዮ።

ሁሉም ኒቨስን ይጠብቃል። ኤጂዲዮ ዱላዎቹን ወደ ላይ አንስቶ እንደያዛቸው ቀረ። ከኋላ አንድ ሰው በለሆሳስ «ሁለት» አለ። ኤጂዲዮም ሁለት ጊዜ መታ፤ ጠብ፣ ጠብ፤ እንደሚያንጠባጥብ ቧንቧ። ከግድግዳው አንዲት አሮጊት ዘፈኑ ያለቀ መስሏት አጨበጨበች።

ቀና ብዬ ኒቨስን አየኋት። መሐረቧን ነክሳ እንባዋ ይወርዳል። ካሴቱ እየዞረ ነው፤ ንጹሕ ነው፤ የእሷ ድምፅ የለበትም፤ ግን የሞተ ነገር እየቀዳች መሆኑን እሷም እኔም አውቀነዋል።

ሳህኔን ለጎረቤቴ አቀበልኩና ተነሣሁ። መሐረቡን ከአፏ አወጣሁት።

«ስጪኝ፣ እኔ ልያዘው።»

«አትችይም፣ ኖና። እጅሽ ይዝላል።»

«ስንት ዓመት የሸመታ ዘንቢል ተሸክሜያለሁ። ስጪኝ ብዬሻለሁ።»

«አንዱ ወገን ሠላሳ ደቂቃ ነው። ቀጭ ሲል አውጥተሽ ገልብጪው፣ ከዚያ ሁለቱን ቁልፎች እኩል ተጫኚ። ቀጭ ሲል። ሰምተሻል?»

«ደንቆሮ አይደለሁም፤ ሂጂ።»

ሄደች። እንዴት እንደሄደች ልነግራችሁ አልችልም፤ ሰው መሃል እንደ ዓሣ ነው የገባችው። ዳርዮ አያት። አንድ ቃል ሳይናገር ወደ ጊታሪስቱ ዞሮ በጣቱ ምልክት ሰጠው፤ አራተኛው ዘፈን ተነሣ፤ ቤቱም አብሮ ተነሣ። ወለሉ የእንጨት ነው፤ እግሬ ሥር እንደ ጀልባ ከፍ ዝቅ ሲል ተሰማኝ። ጊታሩ ያው የቅድሙ ነው፣ ከበሮውም ያው ነው፤ ነገር ግን አሁን እርስ በርስ ይነጋገሩ ጀመር። ዳርዮ የባርባ ቶኔን ጥጥ ዘፈን ውስጥ አስገባው፤ ባርባ ቶኔ ሕዝቡ ለምን ወደ እሱ ዞሮ እንደሚስቅ ለመስማት ጥጡን አወጣ፤ ከዚያ ወዲያ አልመለሰውም። ቡና ወረፋው ሲመጣ አሮጊቶቹ ጭናቸውን በመዳፋቸው እየመቱ ነበር፤ ወረፋውን ከእነሱ በላይ ማን ያውቀዋል።

ከዚያ ዳርዮ ያልተጠበቀ ነገር አደረገ፤ አሳንሰሩን እንደገና ጀመረው።

«ስንተኛ ፎቅ?»

«አሥራ አምስት» አለች ኒቨስ።

ሁሉም ገብቶታል። ኤጂዲዮ መምታት ጀመረ። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ ሦስት። ወጣቶቹ ይቆጥራሉ፣ እናቶች ይቆጥራሉ፣ ባርባ ቶኔ በጥሩ እግሩ ወለሉን እየመታ ይቆጥራል። እኔም ቆጠርኩ፤ ድምፄ ካሴቱ ላይ ካለ ይቅር በሉኝ። አሥራ አምስት ላይ ሲደርስ ጊታሩ ገባና ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ ዘለለ። ኒቨስ ከሁሉ በላይ ዘለለች። ጀርመን አገር ለሥራ የሄደች ልጄን ከሸኘሁ ወዲህ እንደዚህ ልቤ መትቶ አያውቅም፤ ያኔ ግን በኀዘን ነበር፣ ይህኛው በደስታ ነው።

ሲበርድ ዳርዮ ላቡን በእጅጌው ጠረገ። «ይሄ ዛሬ የተሠራ ነው፤ ገና ስም የለውም» አለና ከዚያ በፊት ማንም ሰምቶት የማያውቅ ዘፈን ጀመረ። ቀስ ያለ ነበር። ጎንበስ ብሎ ኒቨስን እያየ፣ ቃሉን እዚያው እየፈጠረ ዘፈነው። እሷም ቃል በተናገረ ቁጥር ተቀብላ ትመልስለታለች። እኔ የኒቨስን እግር እያየሁ ነበር። ሰውነቷ በቀስታ ሲወዛወዝ ተረከዟ ብቻ በፍጥነት ይመታል፤ እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ዘፈኑ አልቆ ጭብጨባው ሲጀምር ወደ እጄ አየሁ።

ካሴቱ አይዞርም። መቼ ቀጭ እንዳለ አልሰማሁም።

አውጥቼ ገለበጥኩት፤ ሁለቱን ቁልፎች ተጫንኩ፤ የቀረው ሁሉ ተቀዳ።

ቤት ገብተን ሰማነው። የእሷ ድምፅ አለበት። ግን ከሩቅ ነው፤ ከሰው መሃል፣ ልክ በአዳራሹ ውስጥ በነበረበት መጠን። የዳርዮ ድምፅ ከላይ ነው። ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል። ከዚያ ጉድለቱ ላይ ደረስን፤ አዲሱ ዘፈን የለም፣ ጭብጨባው ላይ ዘለለ። ኒቨስ ወደ ኋላ መለሰችው፤ ደግማ መለሰችው። እጄን ያዘችና «ደህና ነው፣ ኖና» አለችኝ። ደህና እንዳልሆነ ግን ፊቷ ይናገር ነበር።

ልጆቹ ማክሰኞ ሄዱ። የሬዲዮው ሰው ካሴቱን ሰምቶ ሙሉውን አንድ ምሽት ላሰማው እፈልጋለሁ ብሏል፤ ያ የጎደለው ከተገኘ። ኒቨስ ከቃሉ የምታስታውሰው ግማሹን አይሞላም፤ እየተወዛወዘ ማን ቃል ይይዛል። ለዳርዮ ጻፈችለት። ትናንት ከካምፑ መልሱ መጣ፤ «እኔም አላስታውሰውም፣ ፊትሽን እያየሁ ነው የፈጠርኩት» ይላል። ስለዚህ ያ ዘፈን ዛሬ በዚህ ዓለም ላይ የትም የለም፤ ወይም አንድ ቦታ ብቻ አለ።

ያን ቀን በግራ በኩል ካለው መስኮት አጠገብ ቢጫ ማንገቻ ያለው ሪከርደር ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ የያዘ ሰው አይቻለሁ። ፊቱን አላየሁትም። ያ ሰው አንተ ከሆንክ፣ አንቺም ከሆንሽ፣ ወይም የምታውቁት ከሆነ፣ እባካችሁ ካሴቱን አምጡልን። ኒቨስ ቀድታ በዚያው ቀን ትመልስላችኋለች። ቤታችን ወደ ትርሳት ኮረብታ የሚወጣው ደረጃ መጀመሪያ ላይ ነው፣ በሩ አረንጓዴ ነው። ልጅቷ ሥራ ላይ ብትሆን እኔ አለሁ፤ ጠንከር አድርጋችሁ አንኳኩ።