የቡንሬ ጥድ ያበበበት ዓመት

ቡንሬ ናጁ ከተማ አጠገብ ወደሚገኘው መንደራችን በሃያ ዓመቷ ተድራ መጣች፤ በሠላሳ አራት ዓመቷ ባሏ ሞተባት። ሦስት ልጆችና መቶ ሃያ የፒር ፍሬ ዛፎች ይዛ ቀረች። ዛፎቹን እንደ ልጅ፣ ልጆቹን እንደ ዛፍ እየገረዘች አሳደገች እያልን እንቀልድባት ነበር።

ባሏ የተቀበረው ከእርሻዋ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነው። በቀበርነው ሳምንት አንድ የጥድ ችግኝ ገዝታ አጠገቡ ተከለች። ጎረቤቷ ነኝና ውሃውን አብሬያት ተሸክሜያለሁ።

ጥዱ ከሰው ቁመት በለጠ። ዋግ የሚባለው የቅጠል በሽታ የገባብን ከዚያ ወዲህ ነው። በግንቦት የፒሩ ቅጠል ብርቱካንማ ነጠብጣብ ያወጣል፤ በሰኔ ከቅጠሉ በታች እንደ ድመት ጢም ያለ ነገር ይበቅልበታል፤ ፍሬውም ሳይበስል ይረግፋል። ሦስት ዓመት ሙሉ መድኃኒት ረጨን፤ ዋጉ ግን አልለቀቀንም።

በሦስተኛው ዓመት የመንደሩ ስብሰባ ላይ ቡንሬ ብድግ አለችና ከእርሻዋ በታች የሚኖረውን ሽማግሌ ዶክሱን ጠቆመች።

«የበሽታው ጎተራ የእርስዎ እርሻ ነው፣ ጋሼ! እኛ ስንረጭ እርስዎ ለሽ ብለው ይተኛሉ!»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ይህን ዛፍ ስተክል አንቺ ንፍጥሽን እንኳ መጥረግ አታውቂም ነበር።»

«ታዲያ ያኔ የተከሉትን ዛሬ ይንቀሉልና!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ። ዶክሱ ተነስቶ ወጣ፤ ብርዱ ሳይገባም አርባ ዛፎቹን በመጋዝ ጣላቸው።

በተከታዩ ሚያዝያ፣ ሁለት ቀን ዘንቦ ባባራበት ጠዋት፣ ቡንሬ እየሮጠች መጣች።

«እትዬ፣ ቶሎ ነይ! ጥዱ አበበ! የልጆቼ አባት አበባ ላከልኝ!»

ወደ ጉብታው ወጣን። እውነትም ቅርንጫፉ ሁሉ ብርቱካንማ፣ እንደ ማርማላታ የሚንቀጠቀጥ ነገር አንጠልጥሏል። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። ቡንሬ መቃብሩ ፊት ተንበርክካ ሁለት ጊዜ ሰገደች።

ያን ዕለት ዋጉን እንድታይልን የጠራናት የሰብል በሽታ ባለሙያ ከታች ከእርሻው ውስጥ ነበረች። ጫጫታችንን ሰምታ ወጣች፤ ጥዱን ስታይ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ይህን ማን ነው የተከለው?»

«እኔ ነኛ!» አለች ቡንሬ በኩራት።

«እትዬ፣ ይህ አበባ አይደለም። ዋጉ ራሱ ነው። የብርዱን ወራት ጥዱ ላይ ይከርማል። ዝናብ ሲነካው እንዲህ ያብጥና ብናኙ በንፋስ ፒሩ ላይ ይወርዳል። ከፒሩ ደግሞ ተመልሶ ጥዱ ላይ ይወጣል። ጥድ ከሌለ ዓመቱን አይዘልቅም።»

«ሌላ ሰው ጥድ ይኖረው ይሆናላ።»

«ከንጋት ጀምሮ መንደሩን ዞሬያለሁ። ሌላ አላየሁም።»

ቡንሬ ፊቷ አመድ መሰለ። ቅርንጫፉን ስትዳብስ የነበረው እጇ በብርቱካንማው ነገር ተለውሷል፤ የሰው እጅ ይመስል አፍጥጣ አየችው።

«አርባ ዛፍ» አለች። «አርባ ዛፍ አስቆረጥኩት፣ እትዬ።»

ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ቀርቶ ቁልቁል ሮጠች። ስደርስባት ዶክሱ ደጃፍ ቆማ «እኔ ነኝ! የኔ ጥድ ነው!» እያለች ትጮኻለች። ሽማግሌው ግራ ገባው። እጁን ይዛ እየጎተተች ወደ ጉብታው አወጣችው። ዶክሱ ጥዱን አየ፤ መቃብሩን አየ።

«ለባልሽ የተከልሽው አይደል?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው መጋዝ አውስሻለሁ እንጂ እኔ አልቆርጠውም።»

ራሷ ቆረጠችው። እያለቀሰች አልነበረም፤ ድንጋጤው ዕንባዋን አድርቆት ነበር።

በዓመቱ የዛፎቻችን ቅጠል ከዋጉ ጠራ። ቡንሬ አርባ የፒር ችግኝ ይዛ ዶክሱ እርሻ ገባች። አልከለከላትም፣ አላመሰገናትም። በርጩማ አውጥቶ ተቀመጠና «ያኛው ጠማማ ነው፣ ንቀይው» አላት። ነቅላ እንደገና ተከለችው።