ስምንት ቁራጭ ነጠላ

ዐቢይ ጾም በገባበት ሰኞ፣ ጎንደር ፒያሳ አጠገብ የሆቴል ባለቤት የሆኑት አቶ እንዳልካቸው በእንግዳ መቀበያው ካለው የዓሣ ገንዳ በላይ አዲስ መብራት አሰቀሉ። መብራቱ ነጭ ነው፤ እንደ ቀትር ፀሐይ ይወጋል። ማብሪያውን ራሳቸው ተጫኑት። በመስታወቱ ውስጥ ሲንሸራሸሩ የነበሩት አሥራ አራት ዓሦች ባንድ ጊዜ ድራሻቸው ጠፋ።

«ምነው፣ ወዴት ገቡ?» አሉ።

«ከድንጋዩ ሥር ናቸው፣ ጋሼ» አለች የትነበርሽ። «ፈርተው ነው።»

የትነበርሽ የገንዳው ተንከባካቢ ናት። ጦርነቱ ከዛሪማ አፈናቅሎ ጎንደር ሲያመጣት፣ መጀመሪያ የተቀጠረችው ምድር ቤት ካለው ልብስ ማጠቢያ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ አንሶላ በበረኪና ስታጥብ ደረቷ ተጎዳ። ሐኪሙ «ከበረኪናው ካልራቅሽ ሳንባሽ አይተርፍም» አላት። ዓሦቹን ይንከባከብ የነበረው ሰው ሥራ ሲለቅ አቶ እንዳልካቸው አዝነውላት ወደ ላይ አወጧት። ካወጧት ወዲህ ሳሉ ቀንሶላት፣ ደረጃ ስትወጣ ማረፍ ትታ ነበር።

«ሙሽሮች እዚህ ፊት ቆመው ፎቶ እንዲነሡ ነው ያሰብኩት» አሉ አቶ እንዳልካቸው። «ቱሪስቱ እንደሆነ ቀርቷል፤ የሚያኖረን ሠርግ ነው። ለዳግም ትንሣኤ ትልቅ ሠርግ ይዘናል። እስከዚያ ካልወጡ ገንዳውን አንሥቼ ትልቅ ስክሪን እሰቅላለሁ።»

«እኔስ፣ ጋሼ?»

«ከማጠቢያው በቀር ክፍት ቦታ የለኝም፣ የትነበርሽ። ባይሆን ማስክ እገዛልሻለሁ።»

በጾም ሠርግ የለም። ስለዚህ ሃምሳ አምስቱ የጾም ቀንና አንድ ሳምንት ከፊቷ ነበሩ።

ዓሣ ከብርሃን የሚሸሸው ለምን እንደሆነ ማወቅ ደስ የሚል ነገር ነው። ዓሣ የዓይን ቆብ የለውም። እኛ ብርሃን ሲበረታብን እንጨፍናለን፤ እጃችንን ግንባራችን ላይ እንጋርዳለን። ዓሣ መጨፈን አይችልም፤ ያለው ምርጫ መሸሽ ብቻ ነው። እነዚህ ደግሞ ርዝመታቸው ከትንሽ ጣት የማይበልጥ፣ ጎናቸው ላይ ሰማያዊና ቀይ ክር የተሰመረባቸው፣ ዘራቸው ከጥቅጥቅ ደን ሥር ከሚፈስ ወንዝ የሆነ ዓሦች ናቸው። እዚያ ቅጠል ረግፎበት እንደ ሻይ የጠቆረ ውኃ ውስጥ፣ በዛፍ ጥላ ነው የሚኖሩት። ጥላው ድንገት ከተገፈፈ ከላይ ወፍ ያያቸዋል ማለት ነው። የትነበርሽ ይህን ከስልኳ ቪዲዮ ተማረችው፤ ነገሩ እስኪገባት ግን ጊዜ አልፈጀባትም። እሷም ከላይ የሚመጣን ነገር ሸሽታ ዘጠኝ ቀን ገደል ሥር ተደብቃ ታውቃለች።

ከታችና ከጀርባ ጀመረች። የገንዳውን ጀርባ በጥቁር ጨርቅ ሸፈነችው፤ ዓሣው ከኋላው ማንም እንደማይመጣበት እንዲያምን። ነጩ ጠጠር መብራቱን መልሶ ከሥር ያንጸባርቅ ስለነበር አውጥታ፣ ከቀሐ ወንዝ ጥቁር ጠጠር ለቅማ ቀቅላ አስገባች። የደረቀ የዘይቱን ቅጠል ጨመረችበት፤ ውኃው ቀስ ብሎ ሻይ መሰለ።

ለገንዳው አንድ ጽኑ ሕግ ነበራት። ከውጭ የመጣ ማንኛውም ነገር ሦስት ቀን ባልዲ ውስጥ ሳይዘፈዘፍ፣ ውኃውም በየቀኑ ሳይለወጥ፣ ገንዳ አይገባም። የሆቴሉ ዘበኛ አያ ኪሩ፣ የአይከል ሰው፣ ባልዲውን ባዩ ቁጥር ይስቁባታል።

«ይች ድንጋይ ንስሐዋን ጨረሰች ወይስ ገና ነች?»

«አንድ ቀን ቀርቷታል፣ አያ።»

«እኔንም ብትዘፈዝፊኝ ይሻለኝ ነበር።»

ከዚያ ወደ መብራቱ ዞረች። አሮጌ ነጠላዋን ስምንት ቦታ ቆረጠችና ቁራጮቹን ደራርባ በገንዳው ክዳን ላይ፣ ከመብራቱ ሥር አነጠፈቻቸው። ጨረሩ በስምንት ድርብ ተጣርቶ እንደ ንጋት ጭላንጭል ወረደ። በየእሑዱ አንድ ቁራጭ ልታነሣ ወሰነች፤ በቅድስት አንድ፣ በምኩራብ አንድ፣ በመጻጉዕ አንድ። ስምንተኛው ለቅዳም ሹር ይቀራል።

አንድ ነገር ግን አላሰበችበትም ነበር። መብራት ይጠፋል፤ እንደ ጠፋም በድንገት ቦግ ይላል። ቦግ ባለ ቁጥር ዓሦቹ ደንግጠው ከመስታወቱ ይላተማሉ፤ የሳምንት ልፋት ባንድ ጊዜ ይፈርሳል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ የገንዳውን ሶኬት ትነቅላለች፤ ሲመጣ መጀመሪያ የክፍሉን አምፖል ታበራለች፤ ግማሽ ሰዓት ቆይታ የገንዳውን ትሰካለች። ይህን ለአያ ኪሩም አስተማረቻቸው።

ወጥ ቤት የምትሠራው ወርቅውሃ ስታልፍ ትለክፋታለች። «ጾሙ ጠንቶብኛል፣ አንቺ። ዓሣ ይፈቀዳል የሚሉ አሉ፤ እስቲ ሁለቱን ስጪኝ።»

«ለጥርስሽ ስንጥር አይበቁሽም፤ ሂጂ ሽሮሽን አማስይ!»

አራት ሳምንት ምንም አልሆነም። ምግቡን ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ ታደርግላቸዋለች፤ ዞር ስትል ነጥቀው ይሸሻሉ። ቀለማቸው ገርጥቶ ክሩ ጠፍቶ ነበር። በደብረ ዘይት እሑድ አራተኛውን ቁራጭ አንሥታ ቁጭ ስትል፣ አንዱ ከድንጋዩ ወጣ። ምግቡን አነሣና አልሸሸም። ሰማያዊው ክር ቦግ አለ። የትነበርሽ እንዳትስል አፏን በመዳፏ ያዘች።

ከሁሉ በላይ የደነቃት በስድስተኛው ሳምንት የደረሰችበት ነው። ከአንገረብ ወንዝ ያመጣችውን፣ ባልዲ ውስጥ ሦስት ቀን የዘፈዘፈችውን የውኃ ላይ ተክል በገንዳው አንድ ማዕዘን ስታንሳፍፍ፣ ዓሦቹ ጥላው ሥር ገብተው ይቀራሉ ብላ ፈርታ ነበር። አልቀሩም። ይልቅ ከበፊቱ ደፍረው ወደ ብርሃኑ ወጡ። ነገሩ ሲጤን ልክ ነው፤ ዓሣ ወደ ብርሃን የሚወጣው መሸሸጊያ ስላጣ ሳይሆን መሸሸጊያው እንዳለ ስላወቀ ነው። ይህን ለአያ ኪሩ ስትነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሰውስ ቢሆን» አሉ።

በሆሣዕና አቶ እንዳልካቸው መጥተው ቆሙ። «ስንት ወጡ?»

«አሥራ ሁለት፣ ጋሼ። ሁለቱ ገና ያፍራሉ።»

«ሙሽራም ታፍራለች!» ብለው ሳቁ። «በርቺ። ስክሪኑ ይቆይ።»

በሕማማት ግን ተክሉ ቢጫ ሆነ፤ መበስበስም ጀመረ። ስቅለት ዕለት አውጥታ ጣለችው። በማግስቱ፣ ቅዳም ሹር ጠዋት፣ አራት ዓሦች ተመልሰው ድንጋይ ሥር ገቡ፤ ረፋዱ ላይ ሰባት ሆኑ። ወደ አንገረብ ለመሄድ ነጠላዋን ስታጣፋ የቃጭል ድምፅ ሰማች። መምሬ ኃይለ ጊዮርጊስ የትንሣኤውን ብሥራት ለማሰማት ቄጠማ ይዘው ወደ ሆቴሉ ገቡ። ሠራተኛው ሁሉ እየተሳለመ፣ ቄጠማውን እየተቀበለ ግንባሩ ላይ አሰረ። ቄጠማው ለምለም ነበር፤ ጫፉ ላይ ጤዛ አለበት።

«ትንሽ ይጨምሩልኝ፣ መምሬ» አለች የትነበርሽ።

«ለቤተሰብ ነው?»

«አዎ፣ ለቤተሰብ።»

አንድ እፍኝ ጨመሩላት።

ሁሉም ሲሄዱ ከገንዳው ፊት ቆመች። ባልዲው እግሯ ሥር ነው። ሠርጉ ገና ሳምንት ይቀረዋል፤ ሦስት ቀን ለመዘፍዘፍ ጊዜ ነበራት። የያዛት የጊዜ ነገር አልነበረም። መስቀል ያረፈበትን፣ የትንሣኤው ምልክት የሆነውን ቄጠማ እንደ ወንዝ ጠጠር እድፉ ይልቀቅ ብላ ባልዲ ውስጥ ልትዘፈዝፈው ነው? ቡራኬ ይታጠባል? «ዓሦቹም ሃምሳ አምስት ቀን ከእኔ ጋር ጾመዋል» አለች በልቧ። ስምንተኛውን ቁራጭ አነሣች፤ ቄጠማውን በማዕዘኑ ላይ አንሳፈፈች።

አምስት ደቂቃ አልሞላም። አንድ በአንድ ወጡ፤ ያፍሩ የነበሩት ሁለቱም ጭምር። አሥራ አራቱ በሙሉው ብርሃን ውስጥ፣ ክራቸው እየነደደ ተሰለፉ። የትነበርሽ ሦስት ጊዜ ቆጠረቻቸው። መብራቱን አጥፍታ፣ ፊቷን አማትባ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች።

በፋሲካ ጠዋት ቄጠማዋን ግንባሯ ላይ እንዳሰረች ተመለሰች። እንደ ልማዷ የክፍሉን አምፖል አበራች፤ ግማሽ ሰዓት ጠበቀች፤ የገንዳውን ሰካች። አሥራ አራቱም ከውኃው በላይ ነበሩ፤ ነጭ ሆዳቸውን ወደ መብራቱ ሰጥተው።

አያ ኪሩ ሮጠው መጡ። እጃቸውን አስገብተው ቄጠማውን አወጡና አሸተቱት፤ ከዚያ ይዘውት ወጡ። ሲመለሱ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር።

«ከሽንኩርት ማሳ ቦይ ዳር ነው የታጨደው አሉ ያጨዱት ልጆች። ሐሙስ የተባይ መድኃኒት ተረጭቶ ነበር። ለሰው ግንባር ምንም አይል፤ ለዓሣ ግን...»

«መምሬ ያውቃሉ?»

«ከየት ያውቃሉ! አትንገሪያቸው፣ ልጄ። በፋሲካ ምድር አታሳዝኛቸው።»

የትነበርሽ ከግንባሯ ላይ ቄጠማዋን ፈታች። የተባረከ ነውና መጣል አትችልም፤ ማስቀመጥም አቃታት። መዳፏ ላይ እንደያዘችው ቆመች። «መዘፍዘፍ ነበረብኝ» አለች። «ሦስት ቀን ነበር።»

አቶ እንዳልካቸው አልተቆጡም። «ጥፋትሽ አይደለም» አሏት፤ ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ሌላ ዓሣ ከአዲስ አበባ ለማስመጣት መንገዱ ተዘግቷል፤ ቢከፈትም በሳምንት የሚደርስ፣ ደርሶም የሚለምድ የለም። ማክሰኞ ገንዳውን አነሡ። ጥቁሩን ጠጠር አያ ኪሩ በር ላይ ካለው አበባ ሥር ደፉት።

ለዳግም ትንሣኤ ሠርጉ ደመቀ። ምድር ቤቱ ግን ያው ነበር፤ የጠረጴዛ ልብስ ተከምሯል፤ በረኪናው በማስኩ አልፎ ይገባል። የትነበርሽ ሳሉ ሲይዛት በግድግዳው ተደግፋ፣ ሲለቃት ታጥባለች። አያ ኪሩ አንድ ሳህን ድርቆሽ ይዘውላት ወረዱ።

«ስክሪኑ ላይ ምን እንዳሳዩ ታውቂያለሽ?» አሉ፣ ዓይኗን ሳያዩ። «ዓሣ ነው። ባለ ብዙ ቀለም፣ ትልልቅ። ሙሽሮቹ እዚያው ፊት ፎቶ ተነሡ። መብራቱ እንዲያ እየነደደ አንዱም አይደበቅም።»

የትነበርሽ እጇን ከበረኪናው ሳታወጣ ቀና አለች።

«ከማዕዘኑ ጥላ አለላቸው?»

«ምን ጥላ! ሁሉም ፊት ለፊት ነው።»

ራሷን ነቀነቀችና ወደ ማጠቢያው ሳፋ አጎነበሰች። ድርቆሹ ከደረጃው ላይ እንደ ተቀመጠ ቀረ።